አንድ ልጅ፣ ሁለት የጫማ ቁጥር

ከካርቱም ጦርነት በፊት ነው። አንዲት የዴም ሠፈር ጎረቤቴ ለስድስት ዓመት ልጇ የትምህርት ቤት ጫማ ልትገዛ ወደ መሐል ከተማው ገበያ፣ ወደ ሱቅ ዐረቢ፣ ወረደች። ዐረብኛዋ ገና ስላልጠና ዋጋ የምከራከርላት እኔ ነበርኩ። ሻጩ ሸምገል ያለ ሱዳናዊ ነው። ልጁን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ጫማውን አጠለቀለትና በአውራ ጣቱ የጫማውን አፍንጫ ጫን ጫን አደረገ። የቀኙ ልክ ነው። በግራው በኩል ግን ጣቱ ሰመጠ። አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ጥንድ አመጣ፤ አሁን የግራው ልክ ሆነ፣ የቀኙ ደግሞ አልገባ አለ። «እህቴ፣ የልጅሽ እግሮች እኩል አይደሉም» አላት። ሁለት ጥንድ ሊያስገዛት የፈለገ መሰላትና ተቆጣች። ትልቁን ገዝተን፣ በግራው ውስጥ ጨርቅ ወትፈን ተመለስን።

ያ ልጅ ሽንቱን አይቋጥርም ነበር። ሌሊት ብቻ ሳይሆን ቀንም ሱሪው ይርሳል። እናቱ ሦስት ዓመት ያህል በሱቅ ዐረቢ ዙሪያና በሆስፒታሉ መንገድ ከተደረደሩት ክሊኒኮች ብዙዎቹን አዳርሳለች። ሽንቱ ማዕመል (ላቦራቶሪ) ይላካል፤ «ኢልቲሃብ» (ኢንፌክሽን) ይባላል፤ የፀረ ተሕዋስያን ሽሮፕ ይታዘዛል፤ አሥር ቀን ይሻለውና በወሩ ይመለስበታል። ጎረቤቱም የየራሱን ይላል፦ ብርድ መትቶት ነው፤ በእሳት ስለሚጫወት ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል። ከወገቡ በታች፣ ከመቀመጫው መስመር ከፍ ብሎ፣ ለስለስ ያለ እብጠትና በላዩ ረዘም ረዘም ያለ ጠጉር እንዳለው እናቱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። «ማርያም የሳመችው» ትለዋለች። እንደ በረከት የያዘችውን ምልክት ለሐኪም ማሳየት ትዝ አላላትም፤ ሐኪሞቹም ለሽንት የመጣ ልጅ ጀርባውን ገልጦ ማየት ትዝ አላላቸውም። ጫማውን ከገዛን ከስምንት ወር በኋላ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ሸሚዙን ገለጠች፣ ካልሲውን አስወለቀች፣ ሁለቱን እግሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችና፣ «ችግሩ ያለው ፊኛው ላይ አይደለም፤ ጀርባው ላይ ነው» አለችን።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ቢሆንም ከኋላው ያለው ጥያቄ በሕክምናው ዓለም ግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ ሲያከራክር የቆየ ነው። ሽንቱ አልቋጠር ያለውን ልጅ ሁሉ አከርካሪውን እንመርምር ወይ? ካልሆነስ የትኛውን? በየትኛው መሣሪያ? መልሱ ለካርቱምም ለጎንደርም ለአዲስ አበባም ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው እናት ማርገዟን ከማወቋ በፊት ነው። ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቧንቧ ፅንሱ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ስፓይና ቢፊዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው፤ አዋላጇ ገና ስትቀበለው ታየዋለች። በቆዳ ተሸፍኖ የሚቀረው ዓይነት ግን ለዓመታት ይደበቃል። የሦስት ወር ፅንስ ህብለ ሰረሰሩ እስከ አከርካሪው ታችኛው ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አጥንቱ ከነርቡ ፈጥኖ ስለሚያድግ የነርቡ ጫፍ ወደ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ልጁ ከተወለደ ጥቂት ወራት ሲያልፉ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ይረጋል። ጫፉ በስብ ወይም በወፈረ ክር ከታች ከተያዘ ግን መውጣት አይችልም። ልጁ ባደገ ቁጥር ነርቡ እንደ ታሰረ ገመድ ይወጠራል። በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቶሮንቶው ሆፍማንና ባልደረቦቹ ሁኔታውን የታሰረ ህብለ ሰረሰር ብለው ሰየሙት። በ1981 ደግሞ ያማዳ የተባለው ሐኪም፣ የተወጠረ ነርብ ኦክስጅንን እንደሚገባ መጠቀም እንደሚያቅተውና የሚደክመውም በዚህ እንደሆነ አሳየ። ቀድመው የሚደክሙት ከሁሉ በታች ያሉት ነርቦች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፊኛን፣ ሰገራን የሚቋጥረውን ጡንቻና እግርን የሚያዙት ናቸው። ጫማ ሻጩ በአውራ ጣቱ ያገኘው ይህንኑ ነበር። ነርቡ የደከመበት እግር ከሌላው እኩል አያድግም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሽንት የሚያመልጠውን ልጅ ሁሉ ኤምአርአይ ማስነሳት ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ከአምስት ዓመት ልጆች ከመቶ 15 ያህሉ ሌሊት መኝታቸውን ያረጥባሉ፤ ከእነዚህም በየዓመቱ ከመቶ 15 የሚሆኑት ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ቀን ደኅና የሚውል፣ ሽንቱ እንደ ልብ የሚወርድ፣ ሆዱ የማይደርቅበት፣ እንደ ልቡ የሚሮጥ ልጅ ሌሊት ብቻ ስለሚሸና አከርካሪው በኤምአርአይ ይታይ የሚል ጠንቃቃ ሐኪም የለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣትና ከማሸማቀቅ መታቀብ ብቻ ብዙ ይረዳዋል።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። ቀንም ሌሊትም የሚንጠባጠብበት፣ ለመሽናት የሚያምጥ፣ ሽንቱ እየተቆራረጠ የሚወጣ፣ በላይ በላዩ የሚያመረቅዝበት፣ ከዚያ ላይ ሆዱ የሚደርቅ ወይም ሰገራ የሚያመልጠው ልጅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ደርቆ ቆይቶ እንደገና መርጠብ የጀመረ ልጅ። ልጆች በድንገት ሲረዝሙ ነርቡም አብሮ ስለሚወጠር ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ በፈጣን የዕድገት ዘመን ይመጣል፤ ቤተሰብ ግን ታናሽ ስለተወለደበት ቀንቶ ነው እያለ ያልፈዋል።

በካርቱም ነገሩን የሚያወሳስቡ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩ፤ በየቤታችንም ስላሉ ቶሎ ላልፋቸው አልፈልግም። የመጀመሪያው ብልሃርዝያ ነው። የሱዳኑ የገዚራ መስኖ በ1925 ከተከፈተ ወዲህ በቦዮቹ የሚዋኙ ልጆች ሽንታቸው ደም ሲሆን ማየት የተለመደ ሆነ። በእኛም አገር በአዋሽ ሸለቆ ዝቅተኛ ቦታዎች የሽንት ብልሃርዝያ አለ። ስለዚህ ከመስኖ አገር የመጣ ልጅ ሽንት አሞታል ሲባል ሐኪሙ ቀድሞ ትሉን ቢያስብ አያስወቅሰውም። ነገር ግን የብልሃርዝያ ዕንቁላል አልፎ አልፎ ራሱ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ገብቶ የታችኛውን ጫፉን ያቆስላል። እግሩ በድንገት የሰነፈና ሽንቱ የቆመ የመስኖ አገር ልጅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት።

ሁለተኛው ግርዛት ነው። በ2014 በሱዳን በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ከመቶ 87 ያህሉ ተገርዘዋል፤ ብዙዎቹም በስፌት የሚዘጋው ዓይነት ነው። አገሪቱ ድርጊቱን ወንጀል ያደረገችው በ2020 ነው። የተሰፋች ልጅ ሽንቷ ረጅም ሰዓት ይወስድባታል፣ ይንጠባጠብባታል፣ ያመረቅዝባታል። ይህ በራሱ ከባድ በደል ነው፤ በዚያ ላይ ሌላውን ሕመም ይሸፍናል። ሽንቷ የሚዘገይ ሴት ልጅ ስትመጣ ሁሉም በልቡ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ስለሚያፍር አይጠይቅም፣ ስለማይጠይቅ አይመረምርም፤ በመሐል ወገቧን የሚያያት ይጠፋል። በአፋርና በሶማሌ አካባቢ ያለች ልጅም ዕጣዋ ይኸው ነው።

ሦስተኛው በወንዶች ልጆች የሽንት ቧንቧ ውስጥ አብሮ የሚወለድ፣ ሽንትን የሚያግድ ስስ ሽፋን ነው። ሲሸና ሩቅ የማይወረውር ወንድ ሕፃን ይህ ሊኖርበት ይችላል። አራተኛውን፣ የአከርካሪ ቲቢን፣ እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ጀርባው የሚያመው፣ የሚያተኩሰው፣ አከርካሪው ጎበጥ ማለት የጀመረ ልጅ ከሁሉ በፊት ለእርሱ ይታያል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መሐል አከርካሪው ሊታይ የሚገባውን ልጅ መለየት ቀላል አይመስልም። እኔን ያስገረመኝ የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ያቺ ሐኪም ያደረገችው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጁን ወደ ግድግዳ አዙራ ከአንገቱ እስከ መቀመጫው በጣቷ አጥንቱን እየቆጠረች ወረደች። ከወገብ በታች ስርጉድ፣ ጠጉር፣ እብጠት፣ ቀይ ምልክት፣ የተንጋደደ የመቀመጫ መስመር ፈለገች። ከተሸፈነው ዓይነት ችግር ጋር ከሚወለዱ ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ቆዳቸው ላይ አንድ ነገር ይታይባቸዋል። ስርጉድ ሁሉ ግን አያስፈራም። ከአምስት ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ በመሐል መስመር ላይ ያለ፣ ከፊንጢጣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ የሚገኝ ስርጉድ ብዙ ጤነኛ ሕፃናት አላቸው። ከዚያ ከፍ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ወይም ጠጉር ያለበት ነው ጥያቄ የሚያስነሳው። ቀጥላ በጣቶቹ፣ ከዚያም በተረከዙ አስኬደችው። በተረከዙ ሲሄድ የግራ እግሩ ወደቀበት። የተረከዙን ጅማት በመዶሻ ነካ አደረገች፤ የቀኙ ዘለለ፣ የግራው ዝም አለ። የጫማውን ሶል ገልብጣ አየች፤ ከውጭ በኩል አልቆ ነበር። በመጨረሻ መቀመጫው አካባቢ በጥጥ እየነካካች «እዚህስ?» እያለች ጠየቀችው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አልትራሳውንድ ነው፤ ይህ በሱቅ ዐረቢ ዙሪያ በነበሩት ክሊኒኮች ይገኝ ነበር፤ በኢትዮጵያ ብዙ ከተሞችም ይገኛል። ፊኛው ከመሽናት በፊትና በኋላ ይታያል፤ ሸንቶ የቀረው ስንት ነው፣ የፊኛው ግድግዳ ወፍሯል ወይ፣ ኩላሊቶቹ ውኃ ቋጥረዋል ወይ ይባላል። ቤት ውስጥ ደግሞ እናት በሁለት ቀን የሽንት መዝገብ ብዙ ትረዳለች። አንድ ልጅ ፊኛው የሚይዘውን መጠን ለመገመት ዕድሜው ላይ አንድ ደምሮ በ30 ማባዛት ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ 210 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት የሚያወጣ ወይም ቀኑን ሙሉ የማይሸና ልጅ በዚህ መዝገብ ይለያል። ተራ ኤክስሬይም እንዳይናቅ፤ የታችኛው የአከርካሪ አጥንት ጎድሎ የተወለደን ልጅ ያሳያል፤ እናቱ ስኳር ሕመምተኛ ከሆነች ይህ ጉድለት በልጁ ላይ ሊታይ ይችላል።

አራስ ሕፃን አንድ ትልቅ ዕድል አለው። የአከርካሪው የኋላ አጥንት ገና ስላልጠነከረ እስከ ሦስት ወር ገደማ ድረስ ህብለ ሰረሰሩ በተራ አልትራሳውንድ ይታያል። ከዚያ በኋላ አጥንቱ ይጋርደዋል፤ ኤምአርአይ ብቻ ይቀራል። በጀርባዋ ላይ ምልክት ያላት ሕፃን በክትባት ጊዜ ብትታይ በትንሽ ወጪ የሚያልቀው ነገር፣ ስድስት ዓመት ሲቆይ ብዙዎች የማይችሉት ወጪ ይሆናል።

ክርክሩ የጠነከረው ምልክት በሌላቸው ልጆች ላይ ነው። ጀርባው ንጹሕ፣ እግሩ ደኅና፣ ኤክስሬዩ ትክክል ሆኖ ቀን የሚያመልጠው ልጅ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል? በ2002 ከለንደን የወጣ ጥናት፣ ሦስቱም ደኅና በሆኑበትና ፊኛው የነርብ ችግር ባላሳየበት ልጅ ኤምአርአይ የሚጨምረው ነገር የለም አለ። ከዚያ የሚብሰው ጥያቄ ደግሞ፣ ኤምአርአዩ ትክክል ሆኖ ሽንቱ ያልተስተካከለለትን ልጅ የነርቡን ጫፍ ከታች የያዘውን ክር በቀዶ ሕክምና እንቁረጥለት ወይ የሚለው ነው። በ1990ዎቹ ቆርጠን ተሻላቸው ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ2016 የታተመ የቫንኩቨር ሙከራ ግን 21 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ የተቆረጠላቸውና በመድኃኒት ብቻ የታከሙት በመለኪያ ልዩነት እንዳላሳዩ ገለጸ። ሙከራው ትንሽ ስለሆነ ክርክሩን አልዘጋውም። እኔ ግን ለእኛ አገር ሁኔታ የለንደኑ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። አንድ ኤምአርአይ ለማስነሳት ቤተሰብ ዕቁቡን አስቀድሞ በሚያወጣበት ቦታ፣ ምልክት የሌለውን ልጅ ወደ መሣሪያ መላክ ምልክት ያለበትን ወረፋ ማስረዘም ነው። የጎደለን ሁሉንም ልጅ ገልጦ ማየት እንጂ ሁሉንም መሣሪያ ውስጥ ማስገባት አይደለም።

በካርቱም ይህን ወጪ የሚሸከመው ከሻይ ሻጯ አጠገብ የተቀመጠው ተራ ሰው ነበር። ሻሪዕ አል ሐዋዲስ የተባለው የወጣቶች ማኅበር የድኻ ልጆችን መድኃኒት ከሆስፒታሉ ደጅ በመዋጮ ይገዛ ነበር። በ2015 በኦምዱርማን የሕፃናት ሆስፒታል ያሠሩትን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሪባን እንድትቆርጥ የጋበዙት ሚኒስትር ሳይሆን ከጎናቸው ስትሠራ የቆየችውን ሻይ ሻጭ ነው። የእኛም ሰው በዴም ያዋጣ ነበር፤ ለዚያ ልጅ ኤምአርአይ ከሰባ ቤት የተሰበሰበውን ገንዘብ በላስቲክ ይዘን የሄድነው እኔና እናቱ ነን።

ሰዎች ይህን ሁሉ ለሽንት ነው ወይ ይሉናል። ለሽንት ብቻ አይደለም፤ ለኩላሊት ነው። ነርቡ የተጎዳ ፊኛ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ይደነድናል፣ ሲሸና ደግሞ መውጫው አይከፈትም። በውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ሽንት ወደ ላይ ይመለሳል። አሜሪካዊው ማክጋየር በ1981 እንዳሳየው ሽንት የሚያመልጠው ግፊቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ሲደርስ ብቻ የሆነባቸው ልጆች ኩላሊታቸው ይጎዳል። ሽንት እየተመላለሰ የሚያመረቅዝበት ልጅ ሽሮፕ እየጠጣ ሲቆይ ኩላሊቱ በጸጥታ ይጠፋል፤ የዲያሊስስ ወረፋ ላይ ሲደርስ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይኖርም።

መድኃኒቱ በጣም ቀላል ነው ቢባል ይቻላል። በ1972 የሚሺጋኑ ላፒደስ፣ ስስ ካቴተር በሳሙና ታጥቦ በቀን በየሦስት አራት ሰዓቱ ገብቶ ፊኛ ባዶ ቢደረግ ኩላሊት እንደሚድን አሳየ። በሆስፒታል እንደሚደረገው ፍጹም ከጀርም የጸዳ እንዲሆን አይጠበቅም፤ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ዋናው ጥቅሙም ይህ ነው፤ እናት በቤቷ ታደርገዋለች፣ ልጁ ከስድስት ሰባት ዓመት ጀምሮ ራሱ ይማረዋል። የዚያ ልጅ እናት መጀመሪያ ቀን እጇ ተንቀጠቀጠ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከሻይ ቤቷ ተነሥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ጨርሳ ስትመለስ ደንበኞቿ ሳይሰለቹ ትደርስ ነበር። ካቴተሩን ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ ትይዘዋለች። የሚከብደው ትምህርት ቤት ነው፤ የሽንት ቤት በር መቆለፊያ ከሌለው፣ መምህሩም ካላወቀ፣ ልጁ ሳይሸና ይውላል።

እንደ ወላጅም እንደ ማኅበረሰብም የሚያናድደው የዚህ ችግር ትልቁ ክፍል መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። በ1991 በእንግሊዝ የተመራው ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ክፍቱን ዓይነት ከመቶ 72 እንደሚቀንሰው አረጋገጠ። በተሸፈነው ዓይነት ላይ ያለው ማስረጃ የዚያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ወሊድ ከመቶ በላይ ሕፃናት የነርብ ቧንቧ ጉድለት እንዳገኙባቸው አሳይተዋል። ቁጥሩ ከሆስፒታል የተወሰደ ስለሆነ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ቢሆንም ያስደነግጣል። በኦምዱርማን የወሊድ ሆስፒታል የተሠራው ጥናት ደግሞ በ1,000 ወሊድ ከሦስት በላይ አግኝቷል። እርጉዟ ለክትትል የምትመጣው ብዙ ጊዜ ቧንቧው ከተዘጋ ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚሰጣት ክኒን ለደሟ እንጂ ለልጇ ጀርባ አይደርስም። ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የወሰነችው ለዚህ ነው። የእንጀራዋን እህል በሠፈር ወፍጮ የምታስፈጭ እናት ግን ይህ ዱቄት አይደርሳትም፤ ፎሊክ አሲድን በጨው ውስጥ የመጨመር ሐሳብ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እኔም ቢፈጥን ደስ የሚለኝ እርሱ ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ሱቅ ዐረቢ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ ከመሐል ከተማው ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ተዘጉ፤ የእኛም ሰው በመተማ በኩል ወደ አገሩ ገባ። ብዙ ቤተሰብ የልጁን የኤምአርአይ ፊልምና የቀጠሮ ደብተር እዚያው ጥሎ ነው የወጣው። በካርቱም ተጀምሮ የነበረ ክትትል ሲቋረጥ ልጁ የዳነ ይመስላል፤ ሕመም የለውምና። ልጃቸው በሱዳን የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለት የተመለሱ ወላጆች ቢያንስ ይህን ያድርጉ፦ በሚያገኙት ሆስፒታል በየስድስት ወሩ የኩላሊቱንና የፊኛውን አልትራሳውንድ ያስነሡ፤ አዲስ የእግር ድካም፣ አዲስ የጀርባ ሕመም ወይም የሽንት ለውጥ ካዩ ሳይጠብቁ ይምጡ፤ ከክሩ የተፈታው ነርብ ልጁ ሲያድግ እንደገና ሊያዝ ይችላልና። በአዲስ አበባ የነርብ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በ2006 ከኖርዌይ በርገን ጋር ከተጀመረ ወዲህ ሐኪሞች ተፈጥረዋል፤ ዘውዲቱ፣ መቀሌና ጅማ ይህን ቀዶ ሕክምና ከሚሠሩት ውስጥ ናቸው።

የዚያ ልጅ ቀዶ ሕክምና ከጦርነቱ በፊት ተሠርቷል። ካቴተሩን አሁን ራሱ ያስገባል፤ ኩላሊቶቹ ደኅና ናቸው። የእግሩ ልዩነት ግን አልተመለሰም፤ ነርብ አንዴ የጣለውን ቀዶ ሕክምና አያነሣውም። እናቱ ዛሬም ትምህርት ቤት ሲከፈት መርካቶ ወርዳ ሁለት ጥንድ ጫማ ትገዛለታለች፣ አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ።